ሚዛኑ የማያየው ኪሎ

ልጁ ቦክስ መሰልጠን መጀመሩን የሰማ ወላጅ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ አፍንጫውና ስለ ጥርሱ፣ ቀጥሎም ስለ ጭንቅላቱ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዱ ትልቅ አደጋ ደወሉ ከመደወሉ በፊት፣ ልጁ ሚዛን ላይ ለመውጣት በሚዘጋጅባቸው ቀናት እንደሚጀምር የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ሚዛን ነው።

እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ። በዋግ ኽምራ ደጋ ከብት ያገደ ሰው ትግልን ያውቃል። ከብቱ ውሃ ጠጥቶ ጥላ ሲይዝ እረኞች ይታገላሉ። ተጋጣሚ የሚመርጠው ከሁሉም በዕድሜ ከፍ ያለው እረኛ ነው። ሚዛን የለውም፣ ዓይኑ ግን አይስትም። ቁመት ያያል፣ ትከሻ ያያል፣ ባለፈው ማን ማንን እንደጣለ ያስታውሳል፤ ከዚያ «አንተ ከእሱ፣ አንተ ደግሞ ከዚያኛው» ብሎ ያጋጥማል። ትልቁ ትንሹን ቢጥል የሚያሞግሰው የለም፤ «እኩያህን ፈልግ!» ይባላል። ጨዋታው ጨዋታ የሚሆነው እኩያ ከእኩያው ሲገጥም ነው፤ ካልሆነ ድብደባ ነው።

የቦክስም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። ተጋጣሚዎች በክብደት ይመደባሉ። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ወንዶች በ7 ምድቦች ተጋጥመዋል፦ 51፣ 57፣ 63.5፣ 71፣ 80 እና 92 ኪሎ፣ ሰባተኛው ደግሞ ከ92 ኪሎ በላይ። ሴቶችም ከ50 እስከ 75 ኪሎ ድረስ 6 ምድቦች ነበሯቸው። ከበድ ያለ ቦክሰኛ የሚሰነዝረው ቡጢ ይከብዳል፤ የሚያርፍበትንም ቡጢ በተሻለ ይችለዋል። ስለዚህ ሚዛኑ የተቀመጠው ቀላሉን ልጅ ከከባዱ ለመጠበቅ ነው።

ችግሩ ሚዛኑ የሚያየው አንዲት ደቂቃን ብቻ መሆኑ ነው። ልጁ ትናንት ስንት ኪሎ እንደነበረ፣ ነገ ስንት እንደሚሆን አያይም።

የሁለቱ ቦክሰኞች ነገር

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2000 በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አርቱሮ ጋቲና ጆይ ጋማሽ የተባሉ ቦክሰኞች ተጋጠሙ። ጋማሽ ቀደም ሲል የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። በስምምነታቸው መሠረት ሁለቱም ከ141 ፓውንድ፣ ማለትም ከ64 ኪሎ ገደማ መብለጥ አልነበረባቸውም። ሚዛን ላይ የወጡት በዋዜማው ነው። ሁለቱም አለፉ ተባለ።

በግጥሚያው ምሽት ኤች.ቢ.ኦ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በራሱ ሚዛን ሲመዝናቸው ጋማሽ 145 ፓውንድ ሆነ፤ 66 ኪሎ አካባቢ መሆኑ ነው። ጋቲ ግን 160 ፓውንድ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ 72.5 ኪሎ ማለት ነው። በአንድ ቀን ልዩነት ከ8 ኪሎ በላይ ጨምሮ ወደ ሪንግ ገባ። ጋማሽ በሁለተኛው ዙር ራሱን ስቶ ተዘረረ። አንጎሉ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ ተጋጥሞ አያውቅም።

ጋማሽ ሚዛኑ በአግባቡ አልተደረገም ሲል የኒውዮርክን የስፖርት ኮሚሽን ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2010 ዳኛው ኮሚሽኑ በሚዛኑ ላይ ቸልተኛ እንደነበረ ተናገሩ፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ትርፍ ክብደት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም ብለው ካሳ ሳይፈርዱለት ቀሩ። ሚዛን ላይ የተበደለ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ መካሱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ኪሎው የት ሄዶ ይመለሳል?

አንድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ 4 ወይም 5 ኪሎ ሲቀንስ የቀነሰው ስብ አይደለም። በአብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ በፍጥነት መቅለል የሚፈልግ ስፖርተኛ መጠጣት ያቆማል፣ ላስቲክ ለብሶ ይሮጣል፣ በእንፋሎት ክፍል ይቀመጣል፣ ማስቲካ እያኘከ ምራቁን ጠርሙስ ውስጥ ይተፋል። ሚዛኑን ካለፈ በኋላ ደግሞ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ኪሎውን ይመልሳል።

በገበያ ፍየል ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አንዳንድ ነጋዴ ከገበያ በፊት ፍየሉን ጨው ያስልሰዋል። ፍየሉ ይጠማል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሆዱ ይነፋል። ገዢው ሥጋ የገዛ መስሎት ይከፍላል፤ የገዛው ግን ውሃ ነው። ቦክሰኛው መጀመሪያ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ውሃውን አውጥቶ ቀላል መስሎ ይመዘናል፣ ከዚያ ውሃውን መልሶ ከባድ ሆኖ ይጋጠማል። አዋቂ ገዢ የፍየሉን ሆድ አይቶ አይገዛም፤ ጀርባውን ይዳስሳል። በቦክስም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ልጁን የሚዳስስ ሰው ያስፈልጋል።

ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ተጋጣሚው ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቀናሹም ነው። ውሃ ሲያንስ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብ በፍጥነት ትመታለች፣ ሰውነት በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፣ ኩላሊት ይጨነቃል። አንጎላችን በፈሳሽ ተከቦ የሚኖር አካል በመሆኑ፣ ውሃ ያጣ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ጉዳቱ ሊብስበት ይችላል ብለው የሚሰጉ የስፖርት ሐኪሞች ብዙ ናቸው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተጠጣ ውሃ ሆድ ይሞላል እንጂ የጎደለውን ሁሉ ወዲያው አይተካም።

ሕጉ እንዴት ተቀያየረ?

ድሮ ቦክሰኞች የሚመዘኑት በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ኪም ዱክ ኩ የተባለ ደቡብ ኮሪያዊ ቦክሰኛ ከሬይ ማንሲኒ ጋር ላስ ቬጋስ ላይ ተጋጥሞ በ14ኛው ዙር ወደቀ፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። ኪሎውን ለማውረድ ብዙ ተቸግሮ እንደነበር ተነግሯል። ከዚያ በኋላ የዓለም የሻምፒዮና ግጥሚያ ከ15 ወደ 12 ዙር እንዲያጥር ተደረገ። በእነዚያው ዓመታት የፕሮፌሽናሎች ሚዛን ወደ ዋዜማው እየዞረ መጣ። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ ቦክሰኛው ውሃ ለመጠጣትና ለማረፍ ጊዜ ያግኝ ነው። ብዙዎች ግን የተገኘውን ጊዜ የበለጠ ለመቀነስ ተጠቀሙበት። ዓለም አቀፉ የቦክስ ፌዴሬሽን በበኩሉ በሻምፒዮና ግጥሚያው ዕለት ጠዋት ድጋሚ የመመዘን ሕግ አወጣ፤ ከወሰኑ ከ10 ፓውንድ በላይ መጨመርንም ከለከለ።

በአማተር ቦክስ፣ ማለትም የእኛ ልጆች በሚወዳደሩበት፣ ሚዛኑ በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ ነገም የሚጋጠም ከሆነ ነገም ይመዘናል። ይህ ማጭበርበሩን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጠዋት ደርቆ የተመዘነ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቡጢ ይቀበላል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃ መቀነስ በአማተሮች ዘንድ ይበልጥ አደገኛ ነው።

የትግል ስፖርቶችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ተማሪዎች ለትግል ውድድር ኪሎ ለመቀነስ ሲታገሉ በ5 ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ላስቲክ ልብስና የእንፋሎት ክፍል ተከለከሉ፣ ሚዛኑም ወደ ውድድሩ ሰዓት ተጠጋ። በ2015 ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ ተፋላሚ ለማኒላ ውድድር ኪሎ ሲቀንስ ሕይወቱ አለፈ። በፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ሕንዳዊቷ ቪኔሽ ፎጋት ለ50 ኪሎ ፍጻሜ ደርሳ ጠዋት ስትመዘን 100 ግራም በለጠች። ሌሊቱን ሙሉ ስትለፋ፣ ፀጉሯን ሳይቀር ስትቆርጥ አድራ ነበር። ከውድድሩ ተሰረዘች፤ እሷም በውሃ እጥረት ሕክምና አስፈለጋት።

በእኛም ቤት

ይህን ሁሉ ለማንበብ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከሰቆጣ መጥቶ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ይማራል፤ 17 ዓመቱ ነው፤ በሰፈራችን ባለ ክለብ ቦክስ ይሰለጥናል። ክብደቱ 63 ኪሎ ነው። ለአንድ ውድድር አራት ቀን ሲቀረው እራት ትቶ መተኛት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከሁለት ጃኬት ሥር ላስቲክ ለብሶ ሲሮጥ አየሁት። ስጠይቀው «60 ኪሎ እንድገባ ነው ጋሼ፤ እዚያ የሚገጥሙኝ አጠር ያሉ ናቸው» አለኝ።

አሰልጣኙን ሄጄ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። «63.5 ውስጥ ከገባ የሚያገኘው ረጃጅምና የበሰሉ ልጆችን ነው፤ እንዳይመታብኝ ብዬ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ክለብ ልጆቹን ወደ ታች ሲያወርድ፣ በእውነተኛ ኪሎው የሚገባ ልጅ ከራሱ የሚከብዱትን ይገጥማል። «ታዲያ ደርቆ ገብቶ ቢመታስ?» ስለው ዝም አለ። እኔም «ጥያቄዬ ልጁ አይጋጠም አይደለም፤ እኩያውን በኪሎው ይግጠም ነው» አልኩት። ብዙ ተነጋግረን በ63.5 እንዲገባ ተስማማን። ገባ፤ በነጥብ ተሸነፈ። ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

እህቴ ግን ከሰቆጣ ደውላ የነገረችኝን አልረሳም። «ወንድም ዓለም፣ እኔ ይህን ልጅ ጤና ኬላ እየተመላለስኩ፣ ግራም ጨመረ ወይ እያልኩ ነው ያሳደግኩት። አሁን ደግሞ ቀንስ የሚለው ማነው?» አለችኝ።

ጾም ለምዷል ማለት አይበቃም

ብዙ ወላጅ «ልጄ ጾመኛ ነው፤ አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል ምን ይሆናል?» ይላል። ልጆቻችን ሁዳዴን 55 ቀን፣ ረመዳንን ወር ሙሉ መጾምን ከቤታቸው የተማሩ ናቸው። ነገር ግን ጾምና ኪሎ ማውረድ አንድ አይደሉም። ጾመኛ ሰዓቱ ሲደርስ ይፈታል፣ ያፈጥራል፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ከሥራው ይቀንሳል፣ የታመመም ይፈቀድለታል። ኪሎ የሚያወርድ ልጅ ግን የሰውነቱን ውሃ ሆን ብሎ በላብ ያስወጣል፤ ጥም ሲይዘው የበለጠ ይሮጣል። ጾምና ልምምድ የገጠሙበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ለአሰልጣኙ መንገር የወላጅ ድርሻ ነው።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

አንደኛ፣ ልጅዎ ከውድድር ውጭ ባለው ጊዜ ስንት ኪሎ ነው? የሚወዳደረውስ በስንት? ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ፣ መቀነስ ያለበት በሳምንታት፣ በአመጋገብ እንጂ በቀናት በላብ አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ምድቡን ከፍ ማድረግ ይሻለዋል፤ አምና የገባበት ኪሎ ዘንድሮ ላይሆነው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሚዛኑ መቼ ነው፣ ግጥሚያውስ በስንት ሰዓት? በመካከሉ ምን ይጠጣል? ከሚዛን በኋላ ውሃ በአንድ ጊዜ መጋት ሳይሆን ቀስ እያሉ መጠጣት ይገባል። ጤና ኬላ ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. ጨውና ስኳር የያዘው የጠፋውን ለመተካት ነው።

ሦስተኛ፣ የሚገጥመው ማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው፣ ስንት ጊዜ ተጋጥሟል? በኪሎ እኩል ሆነው አንዱ 2፣ ሌላው 20 ጊዜ የተጋጠሙ ልጆች እኩያ አይደሉም።

አራተኛ፣ በውድድሩ ቦታ ሐኪም አለ?

ልጅዎ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ሲነሳ ከዞረበት፣ ጡንቻው ከተሸማቀቀ፣ እየሮጠ ላቡ ካቆመ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ውድድሩ ይቅር፤ ፈጥነው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ሰቆጣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስሟ በዓለም የተሰማ ከተማ ናት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑ በእሷ ስም ተጠራ። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ተጀመረ። ዛሬም በዋግ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ሚዛን ፊት የሚቆሙት ግራም ጨመረ የሚል ቃል ለመስማት ነው። እንዲህ ባለ ድካም የተገኘን ኪሎ ለአንድ ሜዳሊያ ብሎ በሦስት ቀን በላብ ማፍሰስ ለማናችንም ልጅ አይገባም። ይጋጠሙ፣ ይጠንክሩ፣ ያሸንፉም፤ ብቻ በልተውና ጠጥተው፣ ከእኩያቸው ጋር።

ቸር ይግጠመን።