ገላ የሌለው መልአክ

ይህን ሥዕል መጀመሪያ ያየ ሰው ሊስቅም ሊደነግጥም ይችላል። መልአኩ ፊትና እጆች አሉት፤ ገላ ግን የለውም። ከአንገቱ በታች ደመና ነው። ከደመናው ሥር በእግር ፈንታ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፤ ታችኛው ጫፋቸው ይነዳል። ከፊቱ የተንበረከከው ሰው ደግሞ መጽሐፍ እየበላ ነው። የምር፣ አፉ ውስጥ ከቶታል።

ሠዓሊው የኑረምበርጉ ጀርመናዊ አልብሬክት ዱረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1498፣ ገና 27 ዓመት ገደማ ሳለ፣ የዮሐንስን ራእይ በ15 የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች በጀርመንኛና በላቲን አሳተመ። ከእርሱ በፊት የታተሙ መጽሐፍ ቅዱሶች ትንንሽ ሥዕሎችን በጽሑፉ መሐል ይሸጉጡ ነበር። ዱረር ግን ለሥዕሉ ሙሉ ገጽ ሰጥቶ ጽሑፉን ወደ ጀርባው አዞረው።

እስቲ ራእይ ምዕራፍ 10ን ገልጣችሁ አስተያዩት። ዮሐንስ የመልአኩ ፊት «እንደ» ፀሐይ፣ እግሮቹም «እንደ» እሳት ዓምድ ነበሩ ይላል። ዱረር «እንደ» የምትለዋን ቃል ዘለላት፤ ዓምድ ከተባለ ዓምድ ሣለ። አንዳንዶች ይህን የወጣት ሠዓሊ የዋህነት ይሉታል። እኔ አልስማማም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የለመድናቸው ገብርኤልና ሚካኤል ሰው ሰው ይሸታሉ፤ ዓይናቸውን አይተን እንማጸናቸዋለን። ይህኛው ግን አይቀረብም።

አንዱ እግር ባሕር ላይ፣ ሌላው ምድር ላይ መቆሙ መልእክቱ ለፍጥረት ሁሉ መሆኑን ያሳያል። ወደ ሰማይ የተነሣው እጅ የመሐላ እጅ ነው፤ ከእንግዲህ መዘግየት የለም ብሎ በሕያው አምላክ ይምላል።

ልጆች «ወረቀት ይበላል እንዴ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ከዮሐንስ በፊት ሕዝቅኤልም በልቷል፤ በአፉ ውስጥ እንደ ማር ጣፍጦት ነበር። ለዮሐንስም አፉ ላይ ማር ነው፣ ሆዱ ሲደርስ ግን ይመርራል። የእግዚአብሔርን ቃል መስማት ደስ ይላል፤ ፍርድና መከራ ያለበትን ቃል ለሕዝብ ማድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉን እንደ በላ ወዲያው የተሰጠው ትእዛዝም ዳግመኛ ትንቢት ተናገር የሚል ነበር።

ዱረር የጸሐፊውን ዕቃ ከዮሐንስ አጠገብ አስቀምጦለታል። ዮሐንስ ግን ገና አልነካውም፤ አፉ ሞልቷል።