ያውቁ ኖሯል? ጎንደር የከረመው ፈረንሳዊ ገጣሚ

ከደባርቅ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ጎንደር፣ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ገጣሚ ለወራት ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ይመዘግብ ነበር። የመጣው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጸሐፊ ሆኖ ነው።

ሌሪስ ከሠዓሊ ጋር መጽሐፍ መሥራት የሚወድ ሰው ነበር። የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉ በ1925 የወጣው ከአንድሬ ማሶን የድንጋይ ህትመት ሥዕሎች ጋር ነው። በ1961 ደግሞ ጃኮሜቲ በመዳብ ላይ የቀረጻቸው ሥዕሎች ከግጥሞቹ ጋር ታተሙ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በጥቂት ቅጂ ብቻ ይታተማል፤ ሥዕሉም የግጥሙ ማስጌጫ ሳይሆን እኩያው ነው። ለጎንደር ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የብራና ጸሐፊዎቿ ለሠዓሊው ገጹን ክፍት ትተው ሲጽፉ ኖረዋል።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። ቡድኑ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂ ሣለ። ቅጂ ምንም ቢያምር ምእመናን ለዘመናት የጸለዩበትን ሥዕል አይተካም። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።