ከሰኔ 30 በፊት

ሰኔ 30 በደቡብ ጎንደር፣ ከወንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ጉና ተራራ ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶችም የካርድ ቀን ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በስማቸው ይጠራሉ፤ ደብተርና እስክርቢቶ፣ ዓመቱ ደህና ከሆነም መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ። የቀረው ያጨበጭባል። ሥርዓቱ ደስ ይላል፣ ወላጅም ይኮራበታል። ተማሪን ለትምህርት ለማነሳሳት ከሆነ ግን ሁለት ጉድለት አለበት፤ ይዘገያል፣ የሚደርሰውም ያለ ሽልማት ለሚያጠኑት ልጆች ነው።

መዘግየት ምን ያህል እንደሚጎዳ የታወቀው በእንስሳት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናቱ የተራቡ ድመቶችን መወርወሪያ ባለው ሣጥን ውስጥ እየዘጋ ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለካ። ድመቷ መጀመሪያ ትቧጥጣለች፣ ትነክሳለች፣ ትጮኻለች፤ በአጋጣሚ መክፈቻውን ስትነካ ትወጣና ዓሣ ታገኛለች። ሙከራው ሲደጋገም መቧጠጡ እየቀረ መክፈቻውን መንካት ብቻ ቀረ። የቶርንዳይክ ሕግ ከዚህ ወጣ፤ ጥሩ ነገር ያስከተለ ድርጊት ይደገማል፤ ምንም ያላስከተለ ይከስማል። በኋላ ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጥና በርግብ ሥራውን አሰፋው። ማጠናከሪያው፣ ማለትም ድርጊቱን እንዲደገም የሚያደርገው ነገር፣ በሰከንዶች እንኳ ሲዘገይ ትምህርቱ ይደክማል። ሰው ቃል ስለሚገባና ስለሚረዳ ከአይጥ የበለጠ ይታገሣል እንጂ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ጥቅምት ላይ የሠራትን መደመር ሰኔ ላይ ከሚመጣ ደብተር ጋር ያገናኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 ልጁ የምትማርበትን የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ሊጎበኝ ገብቶ ያየው ነገር እኛም ዘንድ የተለመደ ነው። ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ፤ የሠሩት ትክክል መሆኑን የሚያውቁት በማግሥቱ ነው። የጨረሰው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ ያልገባው ስህተቱን ሲደጋግም ይውላል። ከዚያ ጉብኝት በኋላ ትምህርትን በጥቃቅን እርምጃ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ መልስ ወዲያው ምላሽ የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ።

እንዲህ ላለው ምላሽ ደቡብ ጎንደሬ መሣሪያ ባላስፈለገው ነበር። ጋይንት በቤተልሔም ለድጓ፣ በዙር አምባ ለዝማሬና መዋስዕት ምስክርነት ተማሪ ከየአገሩ የሚሰበሰብበት ምድር ነው። የአብነት ትምህርቱን አካሄድ ልብ ብሎ ላየው፣ ስኪነር የፈለገው ዋናው ነገር አለበት። ቅኔ ቤትን እንውሰድ። ጀማሪው መወድስ ቍጠር አይባልም። በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሁለት ቤት ብቻ። ያ ሲሰምርለት ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቀን በየጥሻው ሥር ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም እዚያው ያርሙለታል። ሰዋስው ሲሳሳት ያውቃል፣ ምሥጢሩ ሲያምርም ያውቃል። እርከኑን የሚወጣው በራሱ ፍጥነት ነው፤ ጓደኛው ቀድሞ ዋዜማ ወደሚባለው እርከን ቢገባ እሱን ከጉባኤ ቃናው አያባርረውም። በላዩ ላይ፣ ቀደም ያለው የኋለኛውን ስለሚያስቀጽል አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይይዛል። ቁራሽ ለምኖ፣ ጎጆ ቀልሶ የሚማር ልጅ ዓመታት የሚቆየው በደብተር ሽልማት አይደለም። ዛሬ ማታ የሚያገኘው «ይበል» ይይዘዋል።

አብነት ትምህርት ቤቱን ለማወደስ ብቻ ግን አልነሣሁም። አለንጋውም ነበረ፤ ከዚያም ወደ ዘመናዊው ክፍል ገባ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ቢደነግግም ጆሮ መቆንጠጥና ማንበርከክ በቀላሉ አልጠፋም። ለምን? መልሱ ከዚያው የማጠናከሪያ ንድፈ ሐሳብ ይገኛል። አርጩሜው ሲነሣ ክፍሉ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው የመምህሩ ሽልማት ነው። ተማሪው የተማረው ደግሞ ዝም ማለትን ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ የውሾቹን ለሃጭ በድምፅ ብቻ እንዳዝረበረበ፣ ቅጣት የሚከተለው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደወልም ፍርሃትን መጥራት ይጀምራል። ፈሪ ልጅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ያላወጣ መልሱ አይታረምለትም።

ታዲያ ለእያንዳንዱ ትክክል መልስ ሁልጊዜ ከረሜላ ይታደል? አይደለም። ቡሄን ያየ ይህን ያውቃል። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በር ለበር ሲዞሩ አንዱ ቤት ሙልሙል ይሰጣል፣ ሌላው ሳንቲም፣ ሌላው ምንም። ከየትኛው ደጅ እንደሚገኝ ስለማያውቁ የሚቀጥለውን አያልፉም። ስኪነርና ባልደረባው ፈርስተር እ.ኤ.አ. በ1957 በርግቦች ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ አልፎ አልፎ፣ ባልተጠበቀ ጊዜ የሚመጣ ማጠናከሪያ ድርጊቱን ከሁሉ በላይ ያጸናል። አዲስ ነገር ሲጀመር ምላሹ ለእያንዳንዱ ሙከራ ይሁን፤ ሲለመድ ይሳሳ።

ከረሜላው ሌላም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጠኑ። «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» የተባሉት፣ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የሣሉት ምንም ካልተሰጣቸው ግማሽ ያህል ነው። ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። በፊት ደስታ የነበረው በቃል ኪዳኑ ሥራ ሆነ። ስለዚህ በፍቅር የሚያነብ ልጅ ላይ ሽልማት መደርደር አያስፈልግም፤ ሽልማት የሚጠቅመው ጨርሶ ያልጀመረውን ለማስጀመር ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በዚህ መጣጥፍ አያልቅም። ሽልማቱ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ከመቶ ለሦስት ሰው የሚደርስ ከሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ያለውን ልጅ የሚያንቀሳቅስ አይደለም። ለእሱ የሚሠራው ዛሬ የሠራት ጥያቄ ዛሬ ስትታረም ነው። ስልሳ ደብተር ማረም የሚከብደው መምህር ደብተር አቀያይሮ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ እዚያው ማሳረም ይችላል፤ ምስጋናውም «ጎበዝ» ከሚሆን «በእጅ የያዝሽውን ሳትረሺ ደመርሽ» ቢሆን ልጅቷ የሚደገመውን ታውቃለች።

ይህ ሁሉ ሲባል መምህሩም ሰው ነው፤ የቶርንዳይክ ሕግ እሱንም አያልፈውም። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትምህርት ዕቅድ ከሆነ የሚያምር ዕቅድ ይበዛል። ስንት ልጅ ዛሬ መልሱ እንደታረመለት የሚጠይቅ እስኪመጣ ድረስ ግን፣ ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ አሥር ደቂቃ ቆርጦ ደብተር የሚያሳርመው መምህር ያን የሚያደርገው ያለ ማጠናከሪያ ነው፤ ያለ ማጠናከሪያ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ስንት ሴሚስተር እንደሚዘልቅ ከድመቶቹ ቀድመን አይተነዋል።