ከጓሮ ያለው ክፍል

ኮተቤ የማውቀው አንድ ግቢ አለ። ከፊት የባለቤቷ ቤት፣ ከጓሮ አጥሩን ተደግፈው የተደረደሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች። በብሎኬት የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው፤ ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ መፀዳጃ፣ መብራቱም ከዋናው ቤት ቆጣሪ የተሳበ። በአንዱ ፀጉር ሠሪ፣ በሌላው ሁለት የግንባታ ሠራተኞች፣ በሦስተኛው አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ይኖራሉ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ተከራዮቹ «እትዬ» ይሏቸዋል። ክፍሎቹን የሠሯቸው አንድ በአንድ፣ ዕቁብ በደረሳቸው ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ተከራይቶ የሚገባበት ቤት በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ስለ ቤት እጥረት ስንከራከር ግን እነዚህን ክፍሎች የሚያነሳ ጥቂት ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ስለ ሪል ስቴት ዋጋና ስለ ኪራይ ጭማሪ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። መሬቱን የከተማው አስተዳደር አቀረበ፣ ንግድ ባንክ ቦንድ እየገዛ ገንዘቡን ሸፈነ፣ ሊፍት እንዳያስፈልግ አብዛኛው ሕንጻ ከአራተኛ ፎቅ እንዳያልፍ ተደረገ፣ የምድር ቤት ሱቆች በጨረታ ተሸጠው ወጪውን ደጎሙ። በዚህ ብልሃት ነው ጀሞ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ የቆሙት። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ስሙን አስገባ። የካቲት 2011 ላይ በአንድ ጊዜ ዕጣ የወጣባቸው ቤቶች 51 ሺህ ገደማ ነበሩ። በየዓመቱ ሳይቋረጥ ያን ያህል ቢወጣ እንኳ የተመዘገበውን ብቻ ለማዳረስ ከ17 ዓመት በላይ ይፈጃል። አልወጣምም። ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ የዕጣው መረጃ ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ፣ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ለማውጣት ግድ ሆነ። ከ2005 ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የለም።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም የሚሸጥ ቤት ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ቤት የደረሰው ሰው 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን ለባንክ ከነወለዱ በየወሩ ይከፍላል። የዕለት ገቢ ያለው ሰው ይህን ስለማይችል ብዙ ጊዜ የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ ወደ ጓሮ ክፍል ይመለሳል። አልፈርድበትም፤ ያገኘውን ሀብት ለልጆቹ ማቆየቱ ነው። የከተማው የርካሽ ኪራይ ቤት ቁጥር ግን በዚህ አልጨመረም።

ኪራይን በሕግ መግራትስ? በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። የስድስት ወር ክፍያ አምጣ እየተባለ ከደላላ ደላላ ሲንከራተት ለኖረ ሰው ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሕጉ ቤት ውስጥ ያለውን ይጠብቃል እንጂ አንድ ክፍል አይሠራም። ይህን ከታሪካችን እናውቀዋለን። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራዩን ቀነሰ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራዩ ተደሰተ፣ ደስታውም ተገቢ ነበር። የሚሰበሰበው ኪራይ ግን ጣሪያ ለመለወጥ እንኳ አልበቃም፤ አከራይቶ መኖርም ስለተከለከለ ለኪራይ የሚሠራ ሰው ጠፋ። የቀበሌ ቤቶቹ ጭቃ እየተራገፈ ለሃምሳ ዓመት ተኖረባቸው።

የነገሩ ቋጠሮ መሬት ላይ ነው። መሬት የመንግሥት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ዋናው ማግኛ መንገድ የሊዝ ጨረታ ነው። በጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ የሰጠ ነው፤ ለመሬት ብዙ የከፈለ ሰው ደግሞ ብዙ ለሚከፍል ገዢ ከመሥራት በቀር ምርጫ የለውም። በዚያ ላይ የፌሮው ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተሳሰረ ነው። አልሚውን በስግብግብነት መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን የአገሩ ደግ ሰው ቢገባበትም ሒሳቡ ያው ነው። ሒሳቡ የሚለወጠው የመሬቱ ዋጋ ሲቀር ነው፤ በደርግ ዘመን የቤት ሥራ ማኅበራት ቦታ ያለ ዋጋ ተሰጥቷቸው፣ ከቤትና ቁጠባ ባንክ በዝቅተኛ ወለድ እየተበደሩ ነበር የሚሠሩት። በከተማችን ዛሬም «የማኅበር ቤት» እየተባሉ ከሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ዘመን ቅሪት የሆኑ አሉ።

እኔ የማምነው የእትዬን ግቢ የመሰለው ሥራ ሕጋዊ መንገድና ገንዘብ ቢያገኝ ከየትኛውም ግዙፍ ፕሮጀክት ቀድሞ ይደርሳል ብዬ ነው። ቦታው አለ፤ ግቢው ውስጥ ነው። የሚጎድለው ለጓሮ ክፍሎች የሚሆን ቀላል የግንባታ ፈቃድ፣ ለአንድ መፀዳጃና ለአንድ ተጨማሪ ቧንቧ የሚበቃ አነስተኛ ብድር፣ ከዚያም የማያሰልስ ቁጥጥር ነው፤ አምስት አባወራ በአንድ መፀዳጃ መኖሩ እንዲቀጥል አልመኝም። ከሚገነባው ኮንዶሚኒየምም የተወሰነው ሳይሸጥ በከተማው ስም እየተከራየ ቢቆይ መልካም ነው።

በመጨረሻ የሚፈርሰው ቤት ጉዳይ አለ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ጨምሮ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ከተማውም ተውቧል። በእነዚያ ሰፈሮች የነበሩት ክፍሎች ግን ከከተማው ርካሾቹ ነበሩ፤ በስሙ ውል የሌለው ደባል ደግሞ ምትክ የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም። ስለዚህ የቤት ጉዳይ የተሰጣችሁ ኃላፊዎች፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ቤት እንደተሠራ ስትነግሩን ከጎኑ ስንት ክፍል እንደፈረሰና በየክፍሉ ስንት ሰው ይኖር እንደነበር አብራችሁ ንገሩን።