የፒክ አፕ ባለቤት ስለ ነዳጅ ቁጠባ ሊያስብ ይገባዋልን?

በአንበሳሜ ገበያ ፒክ አፕ መኪና ሊገዛ ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደሚሸከም ነው። ቀጥሎ ዳገት ይወጣ እንደ ሆነ፣ መለዋወጫውም በባሕር ዳር ይገኝ እንደ ሆነ ይጠይቃል። በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ፣ ቡና ሲጠጣ ነው። ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ «ይሸከም እንጂ የፈለገውን ይጠጣ» ሲሉ እሰማለሁ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የጅምላ ነጋዴ ቤት የጸሐፊነት ሥራ ይዤ የመኪናውንም መዝገብ ስለምጠብቅ፣ ይህ አነጋገር እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ ከመዝገቡ ያገኘሁትን ለክቡራን አንባቢዎች ላቀርብ ወደድሁ።

የነዳጅ ዋጋ ነገር በአገራችን ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ የቤንዚን ዋጋ በተጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው እንደ ነበረና ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ሆነ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ አይስተውም። በቅርቡ ዘመን ደግሞ መንግሥት ለነዳጅ የሚከፍለውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ፣ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ በአዲስ አበባ 35 ብር ከ43 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ናፍጣ፣ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ወደ እኛ አገር ሲደርስ የማጓጓዣው ይታከልበታል። ማደያው ባዶ ሆኖ በጀሪካን ከየሰፈሩ የገዛ ሰው የከፈለውን ደግሞ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ የከፈለው ያውቀዋል።

እንግዲህ ዋጋው እንዲህ ከሆነ ሁሉም ሰው በነዳጅ ቁጠባ ያስባል ብሎ መገመት ይቻላል። ነገር ግን አይደለም። ለዚህም አንዱ ምክንያት ነዳጁን የሚከፍለውና መኪናውን የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ነዳጁ በመሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚሞላለት ሰው ስለ ሊትር ሲጨነቅ አላየሁም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለእኛ ለነጋዴዎች የበለጠ የሚያሳፍር ነው፤ ይኸውም የምንቆጥርበት ዘዴ ራሱ የሚያሳስት መሆኑ ነው።

እኛ የምንለው «በሊትር ስምንት ይሄዳል፤ በሊትር አሥር ይሄዳል» ነው። በአሜሪካ አገር በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ዓይነት አቆጣጠር የሚያስብ ሰው ቁጠባውን በተሳሳተ ቦታ እንደሚፈልግ አሳይተዋል። ነገሩን በእኛው መኪና እንየው። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አሮጌ መኪና ተጠግኖ 8 ቢሄድና፣ በሊትር 10 የሚሄድ ሌላ መኪና ተሽጦ 13 በሚሄድ ቢለወጥ፣ የትኛው ይበልጥ ቆጠበ? ከ10 ወደ 13 ያለው ይመስላል፤ ሦስት ከሁለት ይበልጣልና። መቶ ኪሎ ሜትር አስኪደን ስናሰላው ግን፣ አሮጌው ከ16 ሊትር ከ7 ወደ 12 ሊትር ተኩል ወርዶ ከ4 ሊትር በላይ ሲቆጥብ፣ ሌላው ከ10 ሊትር ወደ 7 ሊትር ከ7 ወርዶ የሚቆጥበው 2 ሊትር ከ3 ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚጠጣውን መጠገን ጥቂት የሚጠጣውን ከመለወጥ ይበልጣል። በመዝገባችን ውስጥ «በሊትር ይህን ያህል» የሚለውን ዓምድ ሰርዤ «በመቶ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር» ብዬ የጻፍሁት ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ታንከሩን ጢም አድርጎ ሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መጻፍ፣ ሥራ ሠርቶ ተመልሶ በዚያው ማደያ እንደገና ጢም አድርጎ መሙላት ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር መኪናው የጠጣው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ሦስትና አራት ጊዜ ለክቶ ማማከል ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰለው እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ፣ የተከፈለበት ቀንና ገንዘብ ያለ ሙግት ስለሚገኝ ለጸሐፊ ሥራው ቀልሏል።

ይህ መዝገብ ከገንዘብም በላይ የጠቀመበትን አንድ ጊዜ ልናገር። መኪናችን የቆየ ሃይሉክስ፣ ሲንግል ጋቢና፣ ባለ ናፍጣ ነው። ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ሲያመላልስ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። አሠሪዬ በደብረ ታቦር ደንበኛ አግኝተው መኪናው ወደዚያ መመላለስ ሲጀምር፣ በሁለት ወር ውስጥ ከ7 በታች ወረደ። ናፍጣ በጀሪካን እንደ ወርቅ በሚሸጥበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድለት ሲታይ ሰው ወዲያው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። አሠሪዬም ነጂውን ጠርተው ሒሳቡን ተቀብሎ እንዲሄድ ነገሩት። ነጂው ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ናፍጣውን እኔ አልጠጣሁትም። ጸሐፊው አብሮኝ ይሂድና ይይ» አላቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ወደ እኔ ተመለከቱና «እንግዲያው ሂድ» አሉኝ።

ባሕር ዳር ሞልተን፣ አሥር ኩንታል ጭነን፣ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። ከተማው ደርሰን መኪናው እንደ ቆመ ነጂው ጎማዎቹን በየተራ በእጁ ጀርባ ዳሰሰ፤ የኋላው ቀኝ ቸርኬ እጅ አያስቀምጥም ነበር። ፍሬኑ ይዞ ኖሯል። ይህን ያህል መንገድ መኪናው የራሱን ፍሬን ሲጎትት ከርሟል ማለት ነው። ጎማዎቹም በጎሚስታ ሲለኩ ሁለቱ ከሚገባቸው በታች ነፋስ ነበራቸው። ሁለቱም ነገር ከተስተካከለ በኋላ በዚያው መንገድ ስንለካው ከ8 ጥቂት አለፈ። ወደ 9 ግን አልተመለሰም፤ አሠሪዬ ይህን ሲያዩ እንደገና ፊታቸው ጠቆረ። ቀሪውን ልዩነት ለማስረዳት እርሳስና ወረቀት ማንሣት ግድ ሆነ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ መወጣጫው በአብዛኛው ከወረታ በኋላ ባለው ክፍል የተከማቸ ነው። መኪናው ከነጭነቱና ከነሰዎቹ 28 ኩንታል ቢመዝን፣ ይህን ክብደት 900 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ፣ የናፍጣ ሞተር ከሚቃጠለው ነዳጅ ሦስት አሥረኛውን ያህል ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለውጥ ታስቦ ሲሰላ፣ ከ2 ሊትር በላይ ናፍጣ ያልቃል። ይህ ሜዳ ላይ ከሚጠጣው ተጨማሪ ነው። ቁልቁለቱ ከዚህ ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉን አይመልስም፤ በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀር አለና። በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ አየሩም ሳስቶ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር በቂ አየር አጥቶ ናፍጣውን ሳይጨርስ ጥቁር ጭስ አድርጎ ያወጣዋል። ዳገት ላይ ከፊታችን ስንሄድ የምናየው ያ ጥቁር ጭስ የተከፈለበት ገንዘብ ነው። ቱርቦ ያላቸው የአሁኖቹ ሞተሮች አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ ይህ ጉዳት በእነርሱ ላይ ይቀላል።

በነገራችን ላይ፣ ከነጂዎች አንዳንዶቹ ቁልቁለቱን በፎሌ እየወረዱ ነዳጅ የቆጠቡ ይመስላቸዋል። መኪና ማርሽ ገብቶለት እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ናፍጣው ወደ ሞተሩ መግባቱን ያቆማል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይገባል። እንግዲህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ናፍጣም አልቆጠበም፣ ፍሬኑንም አቃጠለ፤ ከዚያ የከፋውን በዚያ መንገድ ላይ ያየ ያውቀዋል።

ነጂው ሥራው ላይ ቆየ። አሠሪዬም ይቅርታ እንደ መጠየቅ ሆኖ አንድ ብርድ ልብስ ሰጡት።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ይህን አሮጌ መኪና ሸጦ ጥቂት የሚጠጣ አዲስ ፒክ አፕ መግዛት ይበጅ እንደ ሆነ ነው። አሠሪዬ ልባቸው ወደ ደብል ጋቢናው አዘንብሎ ነበር። እኔም ሒሳቡን እንዲህ አቀረብሁላቸው። መኪናው በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። በሊትር 8 ሲሄድ 3,000 ሊትር ይጠጣል፤ አዲሱ በሊትር 11 ቢሄድ 2,182 ሊትር ይበቃዋል። የሚተርፈው 818 ሊትር ነው። ይህ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ዋጋ 29 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ዋጋ ግን 81 ሺህ ብር ያህል ነው። ሰማንያ አንድ ሺህ ብር ለሱቅ ነጋዴ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ የደረሰበት ደረጃ ይታወቃል። ለልዩነቱ ሁለት ሚሊዮን ብር ቢከፈል፣ በናፍጣ ቁጠባ ብቻ የሚመለሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ከባንክ የተበደረውማ ወለዱን እንኳ አይችለውም። ስለዚህ መኪና የሚለወጥበት ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ሞተሩ አርጅቶ ይሆናል፣ መለዋወጫው ጠፍቶ ይሆናል፤ ናፍጣ ይቆጥባል ተብሎ ብቻ ግን አይለወጥም።

ደብል ጋቢናውን በተመለከተ ከዚህ የበለጠ አስቸጋሪ ነገር አለ። ለነጋዴ ነዳጅ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በኩንታል ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ ፒክ አፕ አሥር ኩንታል ሲጭን ለአንድ ኩንታል 1 ሊትር ከ2 ያወጣል። ወደ 40 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ በዚያው መንገድ 20 ሊትር ቢጠጣ ለኩንታሉ የሚደርሰው ግማሽ ሊትር ነው። ደብል ጋቢናው የጭነት ሳጥኑ አጭር ስለ ሆነ አምስት ኩንታል ጭኖ ሲሄድ የኩንታሉ ድርሻ ከ2 ሊትር ያልፋል። ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ የመልሱም ናፍጣ በዚያው በጥቂቱ ኩንታል ላይ ይወድቃል። እኛ ከደብረ ታቦር ስንመለስ የፋርጣ ድንች መጫን የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከማናቸውም ጥገና የበለጠ ያተረፈልን እርሱ ነው። አይሱዙ በማይገባበት የገጠር መንገድ፣ ወይም ቶሎ መድረስ ያለበት ቲማቲም ሲሆን ፒክ አፑ ቦታውን የሚተካለት የለም። ሲሚንቶ በፒክ አፕ ከባሕር ዳር የሚያስመጣ ሰው ግን ናፍጣ እየነገደ እንደ ሆነ ይወቀው።

በሀብታሞቹም አገር ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ከመኪናዎች ሁሉ በብዛት ሲሸጥ የኖረው ፎርድ ኤፍ የተባለው ፒክ አፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንዚን በጋሎን አራት ዶላር ሲጠጋ በግንቦት ወር በትናንሾቹ አውቶሞቢሎች ተበልጦ ነበር። ዋጋው ሲወርድ ገዢዎቹ ወደ ፒክ አፓቸው ተመለሱ። ፋብሪካው ግን ትምህርቱን አልረሳም፤ ለ2015 ሞዴል አካሉን ከብረት ወደ አሉሚኒየም ለውጦ ከሦስት ኩንታል በላይ ክብደት ቀነሰለት። እዚያ ፒክ አፕ ባዶ ሳጥኑን ይዞ ወደ ቢሮ የሚሄድበት ሰው ብዙ ነው፤ የእኛ ግን እንጀራው ነው።

በመጨረሻ ከብር ጋር የማይገናኝ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ካለፉት ዓመታት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭትና በመንገድ መዘጋት ምክንያት ናፍጣ ከማደያ የሚታጣበት ሳምንት አለ። እንዲህ ባለው ጊዜ የሊትሩ ዋጋ ቀርቶ በታንከሩ ውስጥ ያለው የት ድረስ ያደርሳል የሚለው ይጠየቃል። 80 ሊትር የያዘ ታንከር በሊትር 8 ሲሄድ 640 ኪሎ ሜትር፣ በሊትር 11 ሲሄድ 880 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ልዩነቱ 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕር ዳርና ደብረ ታቦርን ደርሶ መልስ ሄዶ የሚተርፍ ነው። «የፈለገውን ይጠጣ» ይሉ ከነበሩት ነጋዴዎች አንዱ፣ በእንዲህ ያለ ሳምንት ድንቹ በመጋዘን እየበሰበሰ ወደ ሱቃችን መጥተው መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ ጠይቀውኛል። አንድ ደብተር አስምሬ ሰጥቻቸዋለሁ። አሠሪዬም አዲሱን መኪና ትተው አራት አዲስ ጎማ ገዝተዋል፤ የሚቀጥለው ልኬት ጎማው ጥቂት ከተለማመደ በኋላ ይደረጋል።