እግሩን ያጠፈው አይሮፕላን

ነፋስ ስልክ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ ቃልን ያለ ሽቦ በአየር የሚልከውን መሣሪያ የሚያስታውስ ሰፈር ነው። እኛም ሰሞኑን በዚሁ ሰፈር፣ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን፣ የአየር ነገር ሞከርን፤ ይኸውም የዲሲ 3 አይሮፕላንን ምስል ከእንጨት መቅረጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው የዚሁ አይሮፕላን ወታደራዊ ወንድም በሆነው በሲ 47 ነበር።

29 ሜትር ገደማ የሆነውን ክንፍ ለ72 ብናካፍለው 40 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በመብረር ላይ ያለ እንዲመስል እግሩን አጥፈን ልንሠራው ቈረጥን። ሥራው የቀለለ መሰለንና ከሞተሮቹ ሥር ያለውን ሁሉ ደፍነን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። አማረልን።

ኋላ ግን አንድ ፎቶግራፍ አሳፈረን። የዲሲ 3 ጎማዎች ታጥፈውም ፈጽመው አይሰወሩም፤ ከፊላቸው ከሞተሩ ቤት በታች ብቅ ብሎ ይታያል። የጭራው ጎማ ደግሞ ከቶ አይታጠፍም። ይህም የሠሪዎቹ ጉድለት አይደለም። እግሩ አልዘረጋ ብሎ አይሮፕላኑ በሆዱ ቢያርፍ፣ ብቅ ያሉት ጎማዎች እየተሽከረከሩ ጉዳቱን ይቀንሳሉ። እኛ ለውበት ብለን የደፈንነው ለካ የመንገደኛው መድን ኖሯል!

የደፈንነውን መልሰን ፈለፈልን፤ ጎማዎቹን ቀርጸን አጣበቅን፤ አይሮፕላኑንም በክር ከጣሪያው ሰቀልነው። ተማሪም ሆነ አዲስ ሹም፣ «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ አንዱን ነገር ከማስወገዱ በፊት፣ ያኖረው ሰው ለምን እንዳኖረው ቢጠይቅ ከእኛ ድካም ይድናል።