ባለሞተር ወንበር በአሮጌ ፒክአፕ

የቡና ለቀማ ሲጀመር በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በበበቃ መንገዶች ላይ ትልቁን ሥራ የሚሸከሙት አሮጌ ፒክአፖች ናቸው። ሃይሉክሱም ሆነ ላንድክሩዘሩ ሞተሩ በደንብ ከተያዘ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። ወንበሩ ግን ቀድሞት ያልቃል፦ ስፖንጁ ይደቅቃል፣ ሞላው ይረግባል፣ ሐዲዱ ይዝግና ሾፌሩ ረጅምም ይሁን አጭር አንድ ቦታ ላይ እንደተቸነከረ ይቀራል። እዚያ ላይ ተቀምጦ በጅማ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳ ሰው፣ ሲወርድ ወገቡን ይዞ ነው። መኪናውን በሌላ መቀየር ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ በእጅ ያለውን ማደስ የብዙዎች ምርጫ ሆኗል።

ከዕድሳቶቹ መካከል በጣም የምወደው፣ ከተጋጨ ፕራዶ ወይም ከሌላ ምቹ መኪና የወጣ ባለሞተር ወንበር ለሾፌሩ መግጠም ነው። እንደ ቅንጦት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን አልስማማም። አንድ ፒክአፕ ጠዋት አባት፣ ከሰዓት ልጅ፣ ማታ ቅጥር ሾፌር በሚነዳበት አካባቢ፣ ከፍታው ለእያንዳንዱ የሚስተካከል ወንበር እግርን ከፍሬኑ፣ ዓይንን ከመንገዱ ጋር ያገናኛል።

አሠራሩ አያስፈራም። ከመቀመጫው ሥር በ12 ቮልት የሚሠሩ ትናንሽ ሞተሮች አሉ፦ አንዱ ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ ይወስዳል፣ አንዱ መደገፊያውን ያስተኛል፣ ሌሎቹ የመቀመጫውን ፊትና ኋላ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ማብሪያው ሲጫን ፖዘቲቩንና ነጋቲቩን ያገለባብጣል፤ ሞተሩም እንደዚያው በአንዱ ወይም በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞራል። የሞተሩ ኃይል ወደ ሐዲዱ የሚደርሰው በጠመዝማዛ ዘንግ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ወንበሩ ካለበት አይንሸራተትም። በአሜሪካ ቅንጡ መኪኖች ላይ ይህ ነገር ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ሥራ ብዙዎች ከሚፈሩት በጣም ያነሰ ነው። የሾፌሩን አቀማመጥ የሚያስታውስ ኮምፒውተር የሌለው ወንበር የሚፈልገው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ ከባትሪው በፊውዝ በኩል የሚመጣ፣ ሌላው ከሻንሲው ጋር የሚታሰር። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ለአንድ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 አምፔር ይበቃል፣ ሽቦውም ይህን የሚችል ወፍራም ይሁን። ከሲጋራ መለኮሻው ቀጭን ሽቦ ላይ መቀጠል እሳት መጋበዝ ነው። ሽቦው በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቀለበት ያስፈልገዋል። ኮምፒውተር ያለውን ወንበር ግን ቢረክስም ይተዉት። መኪናው 24 ቮልት ከሆነም፣ እንደ ብዙዎቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖችና አንዳንድ የድሮ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች፣ ሞተሮቹን በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው።

ወንበሩ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራም ይገዛ ከሌላ ቦታ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ባትሪ አገናኝቶ ሁሉንም እንቅስቃሴ እስከ ዳር ማየት ያስፈልጋል። በብዙዎቹ አንድ ሞተር ግራና ቀኙን ሐዲድ አብሮ ስለሚነዳ፣ አንዱ ጎን ከቀደመ ወንበሩ ይጣመማል፣ ይነክሳልም። ሌላም ነገር አለ፦ ወንበሩ ከፊት ወይም ከኋላ ቡሎኖቹ ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ ባትሪ ሳይኖር መፍታትም ማሰርም አይቻልም።

ቆም ብሎ ማሰብ የሚገባው ግን ቡሎኑ ላይ ነው። የፕራዶው አራት ቀዳዳዎች ከፒክአፑ ወለል ጋር አይገጥሙም። በካምቢዮው በኩል ያለው ወለል ብዙ ጊዜ ከበሩ በኩል ካለው ከፍ ይላል፤ ባለሞተር ወንበር ራሱም ረጅም ስለሆነ የሾፌሩ ጭንቅላት ጣራ፣ ጭኑም መሪ ሊነካ ይችላል። ይህን አስቀድሞ መለካት ነው። ከዚያ ማቀፊያ ብረት ይሠራል፤ አደጋውም ያለው እዚህ ነው። በአሜሪካ የደህንነት ደረጃ የመኪና ወንበር ከነማሰሪያው የራሱን ክብደት 20 እጥፍ ኃይል መቋቋም አለበት። 30 ኪሎ ለሚመዝን ወንበር ይህ የ600 ኪሎ ጉልበት ነው፣ የተቀመጠውን ሰው ሳይጨምር። በአሮጌ ፒክአፕ የቀበቶው መቆለፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ግን ከወንበሩ ጋር ነው፣ ስለዚህ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ሰውየውን የሚይዝበት ጉልበት ትልቅ ክፍል በእነዚያ አራት ቡሎኖች ላይ ያርፋል። ስስ ላሜራ በስቶ ዳዶ ማጥበቅ ይህን አይችልም። ከወለሉ ሥር ወፍራም ብረት ይደገፍ፣ ከተቻለ የፋብሪካው ማሰሪያ ቦታዎች ይያዙ፣ ቡሎኑም ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት ይሁን። በሐዲዱ ላይ ብየዳ ማሳረፍ ብረቱን ያደክመዋል፤ ብየዳ ካስፈለገ በማቀፊያው ላይ ብቻ፣ ያውም ከመኪናው ወጥቶ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ።

ወንበሩ ጎን ኤርባግ ካለው፣ ማገናኛው ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፤ በሱ ላይ መልቲሜትር ማሳረፍ ሊያፈነዳው ይችላል። ነጠላ ገቢና ላይ ደግሞ ረጅሙን ወንበር አንስቶ ሁለት ነጠላ መግጠም መሐል የሚቀመጠውን ሰው ቦታ ያሳጣል፤ ይህ ከሊብሬው ጋር እንዳይጋጭ ከመንቀል በፊት መጠየቅ ይሻላል።

የቀረው አያያዝ ነው። በዚህ አካባቢ ዝናብ ረጅም ነው፣ ጭቃ በጫማ ገቢና ይገባል፣ የድሮውን ፒክአፕ ወለል በባልዲ ውኃ ማጠብም የተለመደ ነው። ከእንግዲህ ያ ይቀራል፤ ሞተሮቹና ማገናኛዎቹ ከወለሉ ጥቂት ጣት ብቻ ከፍ ያሉ ናቸውና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ቆዳ ልባስ በእርጥበት ስለሚሻግት ጨርቁን እመርጣለሁ። ወደ በበቃ ወይም ወደ ቴፒ ለጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ ደግሞ አራቱንም ቡሎኖች እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው፤ አዲስ ማቀፊያ በመንገዱ ንዝረት ቦታውን ሲይዝ ይላላል።